ከአጥሩ ውጭ የተከፈተው ክፍል

ዳግማዊት ረታ ስትናገር ትጮኻለች። የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ልኩን የምታውቀው ከሰሚው ፊት ነው፤ ሰሚው ፊቱን ሲያጨማድድ ትቀንሳለች፣ አንገቱን ሲያሰግግ ትጨምራለች። የማያውቋት ሰዎች ሁልጊዜ የተቆጣች ይመስላቸዋል። የሚያውቋት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ተቆጥታ እንደሆነ ይነግሯችኋል።

አባቷ አቶ ረታ ቀያሽ ነበሩ። ከደብረ ሲና ተነሥተው መቀሌ የገቡት ወደ ውቅሮ የሚወጣው መንገድ ሲታደስ መሬት ሊለኩ፣ ለአንድ በጋ ብቻ ነበር። በጋው አልፎ ክረምት መጣ፣ ክረምቱ አልፎ ሌላ ሥራ ተገኘ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አያልነሽ «እሱ ካልተመለሰ እኔ እሄዳለሁ» ብለው ጓዛቸውን ጠቅልለው ተከተሏቸው። ሰሜን ክፍለ ከተማ ውስጥ ከአንድ ብሎኬት ማምረቻ ጀርባ ቤት ተከራዩ፤ ዳግማዊት የተወለደችው እዚያ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ትግርኛ እያቀላጠፈች አደገች። ወሬ ትወድ ነበር። ጎረቤቶች «የዚች ልጅ አፍ መዝጊያ የለውም» ይሏት ነበር።

ስምንት ዓመት ሲሞላት ማጅራት ገትር ያዛት። በዚያ ዓመት በሽታው በሰፈሩ ገብቶ ከየቤቱ ሲያነሣ ነበር። እሷን ተዋት፤ ጆሮዋን ግን ይዞት ሄደ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ስትነቃ እናቷ አጠገቧ ቁጭ ብለው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየች።

«እማዬ፣ ጮክ በይ» አለች።

ወይዘሮ አያልነሽ ጮክ አሉ።

«ጮክ በይ እንጂ! ምን ታንሾካሹኪያለሽ?»

እናትየው እንደገና ጮክ አሉ፤ በመጨረሻ ነርሷ ሮጣ እስክትገባ ድረስ ጮኹ። ያኔም ልጅቷ እናቷ ለምን እንደሚያለቅሱ አልገባትም።

ስትድን ወደ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች። መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ፤ ከፊት ወንበር አስቀመጧት። ከዚያ ግን ወደ ሰሌዳው ዞረው ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ጀርባውን ሰጥቶ የሚናገር ሰው ለዳግማዊት ከግድግዳ አይለይም። ፈተና ወደቀች፤ ደግማ ወደቀች። ርዕሰ መምህሩ አቶ ረታን አስጠርተው፣ ቡና ጋብዘው፣ በጨዋ አንደበት «ለጊዜው ቤት ብትቆይ ለራሷም ይሻላል» አሏቸው።

ያ «ለጊዜው» አራት ዓመት ሆነ። አራት ዓመት ሙሉ የሰፈሯ ልጆች ደብተር ይዘው ሲወጡና ሲገቡ በአጥሩ ስንጥቅ ስታያቸው ኖረች። አባቷ ከሥራ ሲመለሱ የቅየሳ እርሳሳቸውን ሰጥተው ባያስጽፏት ኖሮ ፊደሉም ይጠፋባት ነበር። ከንፈር ማንበብን የተማረችው ከእናቷ አፍ ነው፤ ስለዚህ ከሰው ከንፈር ላይ የምትለቅመው አማርኛውን ነው። ትግርኛዋ ጆሮዋ በተዘጋበት ቀን ባለበት ቆመ፤ የስምንት ዓመት ልጅ ትግርኛ እንደሆነ ቀረ።

አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ እዚያው ሰሜን ያለ አንድ ትምህርት ቤት መስማት ለተሳናቸው ልጆች አንድ ክፍል ከፈተ። አቶ ረታ እጇን ይዘው ወሰዷት። በሩ ላይ የቆመች የእሷ እኩያ ልጅ በእጇ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ዳግማዊት አልገባትም። ልጅቷ ደግማ፣ ቀስ አድርጋ፣ ቅንድቧን አንሥታ፣ አገጯን አስግጋ ጠየቀቻት። «ስምሽ ማን ነው?» ማለቷ ነበር። የምልክት ቋንቋ በእጅ ብቻ የሚነገር የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። እጅ ቃሉን ይሰጣል፤ ጥያቄ ይሁን ትእዛዝ፣ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር የሚናገረው ፊት ነው። ዳግማዊት ይህን የተረዳችው በዚያች በር ላይ ነው። እንደተረዳችም ወሬዋ ተመለሰ፤ ያ ሁሉ የአራት ዓመት ወሬ በእጇ ጎረፈ።

አሥረኛን ስትጨርስ ሰበታ ሄዳ ለልዩ ፍላጎት መምህርነት ሠለጠነች፤ ተመልሳም እዚያው ትምህርት ቤት፣ እዚያው ክፍል አስተማሪ ሆነች። ሃያዎቹን ዕድሜዋን እንዲህ ስትገፋ፣ 2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ።

በተዘጉ በሳምንቱ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄደች። መምህር ገብረዝጊ ጡረታ የቀረባቸው ቀጭን የሒሳብ ሰው ናቸው። ክፋት የለባቸውም፤ ከበላይ የመጣ ቃል ግን ያስደነግጣቸዋል።

«የኔ ልጆች የሚማሩት በምንድን ነው?» አለቻቸው።

«እንደ ሁሉም ተማሪ ነዋ፤ በሬዲዮ» አሉ። ካሉ በኋላ የተናገሩት ነገር ለራሳቸው ገባቸውና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ዳግማዊት ሳቀች። ከዚያ ተናደደች። ከዚያ ተማሪዎቿን ፍለጋ በየቤታቸው መዞር ጀመረች።

ሰው ቤት መግባት በማይቻልበት በዚያ ጊዜ ልጆቿን የምታገኛቸው መንገድ ላይ ቆማ ነበር። በትምህርት የበለጠችው ኣርሴማ አሥር ዓመቷ ነው። እናቷ ወይዘሮ ለተመድህን ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት ይሸጣሉ፤ ከልጃቸው ጋር የሚግባቡባቸው ምልክቶች «ብዪ»፣ «ተኚ» እና «ነይ» ብቻ ናቸው። በሦስት ቃል ቤት ውስጥ ስድስት ወር ቁጭ በሉ ቢባል የማያብድ ማን ነው? ልጅቷ ቲማቲሙን እያነሣች ግድግዳ ላይ ትፈጠፍጥ ጀመር። እናቷን ነከሰች። ወይዘሮ ለተመድህን ክንዳቸውን ገልጠው ለዳግማዊት ያሳዩአት ጊዜ አላለቀሱም፤ «እኔ ነኝ ደንቆሮዋ፣ ጓለይ፣ ልጄ፤ የምትለው አይገባኝም» ነው ያሉት።

ከዚያ በኋላ ዳግማዊት በሁለት ቀን አንዴ እየመጣች ከአስፋልቱ ማዶ ትቆማለች፤ ኣርሴማ ደጃፏ ላይ ትቆማለች። መንገዱን አሻግረው ያወራሉ። ባጃጅ በመካከላቸው ሲያልፍ ወሬው ይቆማል፤ ካለፈ በኋላ ከቆመበት ይቀጥላል። ሰፈርተኛው መጀመሪያ ቆሞ አያቸው፣ ከዚያ ለመዳቸው።

ሁሉንም ግን አላገኘችም። ማሂ የምትባል ከሁሉም ትልቋ ተማሪዋ ከአክስቷ ጋር ትኖር ነበር። ዳግማዊት ስትሄድ አክስትየዋ «ትምህርት የለ፣ ምን ታድርግ? ቁሓ ሰው ቤት አስገባኋት» አሏት። ዳግማዊት በማግስቱ ከከተማው ጫፍ ወዳለችው ቁሓ ሄደች። የተባለውን ቤት አገኘችው፤ በሩ ላይ ሰንሰለት ነበር። ጎረቤት ስትጠይቅ ሰዎቹ ዕቃ ጭነው ሄደዋል፣ ወዴት እንደሆነ አናውቅም፣ አዎ አንዲት የማትናገር ልጅ አብራቸው ነበረች አሏት። አክስትየዋም ከዚያ በላይ አያውቁም ነበር። ዳግማዊት ቁሓን ሦስቴ ተመላለሰችበት። ማሂን አጣቻት።

በዚህ ላይ ነው ትምህርት ቤቶች እንደገና የሚከፈቱበት ዕቅድ የመጣው።

መስከረም ሊያልቅ ሲል መምህራኑ አዳራሽ ተጠሩ። ወንበሮቹ ተራርቀው ተደርድረዋል፣ በሩ ላይ ሳሙናና ውሃ ተቀምጧል፣ ሁሉም ሰው ማስክ አጥልቋል። ዳግማዊትም አጥልቃ ገባችና ከፊት ተቀመጠች። ቀና ብላ ዞር ስትል አንድ ከንፈር አይታይም። ያን ሁሉ ዓመት አብራቸው የሠራቻቸው ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ጀርባቸውን ሰጥተዋት የዞሩ መሰላት።

ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የመጡት ሱፐርቫይዘር አቶ ተወልደብርሃን ወረቀት ይዘው ቆመው ማንበብ ጀመሩ። ይህንንም ያወቀችው ማስካቸው ወደ ውስጥ ወደ ውጭ ሲተነፍስ አይታ ነው። ሰዎች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ሦስት አራት መምህራን በአንድ ጊዜ ዞረው እሷን አዩና ቶሎ ብለው ዓይናቸውን ሰበሩ።

ዳግማዊት ብድግ አለች።

«ይቅርታ! ስለ እኔ ነው የተወራው! ምን እንደተባለ ንገሩኝ!»

ድምፅዋ ጣሪያውን ሳይነካው አልቀረም፤ የሁሉም ትከሻ ወደ ላይ ዘሎ ነበር። አቶ ተወልደብርሃን ግራ ተጋቡ። መምህር ገብረዝጊ ጠጋ ብለው በጆሯቸው አንድ ነገር ነገሯቸው። ሱፐርቫይዘሩ ጥቂት አሰቡ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደው ከፈቱት፣ ከሰው ሁሉ ራቅ ብለው ቆሙና ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ።

«አሁን ይታያል?»

«ጺምዎ ይከልላል! ቀስ ብለው ይናገሩ!»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸውም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። ቀስ አድርገው፣ ቃሉን እየነጣጠሉ ነገሯት። ተማሪው ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ግማሹ በሌሎቹ ቀናት ይመጣል። አንድ ወንበር ላይ አንድ ልጅ ብቻ ይቀመጣል። በር ላይ እጅ መታጠብና ሙቀት መለካት አለ። በክፍል ውስጥ መምህርም ተማሪም ማስክ አያወልቅም።

«ጥሩ ዕቅድ ነው» አለች ዳግማዊት። ከልቧ ነው። «የኔስ ልጆች?»

«የልዩ ፍላጎት ክፍል ለጊዜው ይቆያል።»

ብዙ ቃል በከንፈር ሲያዩት ከሌላው ጋር ይምታታል። «ለጊዜው» ግን ለዳግማዊት ከማንም አፍ ላይ፣ ከጺም ሥርም ቢሆን፣ አይሳሳትባትም።

«ለምን?»

«ማስክ አድርጋችሁ ማስተማር አትችሉም፤ ፊት ይፈልጋል ተብሏል። ማስክ ካላደረጋችሁ ደግሞ መመሪያው አይፈቅድም። በዚያ ላይ የእናንተ ክፍል ለብቻው ያለ፣ ለበሩም ቅርብ ስለሆነ፣ ትኩሳት የተገኘበት ልጅ የሚቆይበት ማቆያ እንዲሆን ተመርጧል።»

«ሌሎቹ ልጆች ሲገቡ የኔዎቹ ቤት ሊቀመጡ ነው?»

«ለሁለተኛው ዙር ይታያል።»

«ሁለተኛው ዙር መቼ ነው?»

አቶ ተወልደብርሃን ወረቀቱን አገላበጡ። መልሱ እዚያ እንደሌለ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

«አቶ ተወልደብርሃን» አለች፣ «በዚህ ትምህርት ቤት ሳይቀራረብ መማር የሚችለው የኔ ክፍል ብቻ ነው። የሚሰማ ልጅ መምህሩ ማስክ አድርጎ፣ ከሩቅ ሆኖ ሲያስተምረው አይሰማውም። እኛ አስፋልት ተሻግረን እንነጋገራለን። አንጮህም፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ አንገናኝም። ውጭ ሜዳ ላይ አውጡንና አራርቃችሁ አስቀምጡን፤ የጠየቅኩት ክፍል አይደለም።»

«ዕቅዱ ውስጥ ውጭ የሚል የለም።»

«እንግዲያው ይጻፍበት።»

«እሱ ከእኔ በላይ ነው፣ መምህርት። ትንሽ ታገሺ።»

ዳግማዊት አዳራሹን ዞር ብላ አየችው። ባልደረቦቿ አንዱ ጫማውን፣ ሌላው መስኮቱን ያያል። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ስድስት ወር ቤት ከርመው መከፈቱ ብቻ ብርቅ ሆኖባቸው ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለትን የሚያውቁበትስ የሚሰሙት ናቸው አለች በልቧ።

«እኔ አራት ዓመት ታግሼዋለሁ» አለች። «አሁን አሻፈረኝ።» ወንበሯን ወደ ቦታው መልሳ ወጣች።

ቅዳሜና እሑድ በየወላጁ ቤት ዞረች። «ትምህርት ቤቱ ሰኞ ይከፈታል፤ ልጆቻችሁን አምጡ» እያለች።

ወይዘሮ ለተመድህን ሽንኩርት ሲለቅሙ ነበር ያገኘቻቸው። «ተፈቀደ እንዴ?» አሏት፣ ለእሷ ሲሉ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽተው።

«አልተፈቀደም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ይምጡ ነው የምልዎ።»

ወይዘሮ ለተመድህን እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። «በር ቢዘጉብንስ?»

«ከበሩ ውጭ ያለው መሬት የማንም አይደለም።»

ሴትዮዋ ጥቂት አዩአትና «አጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ» አሉ። «ገበያው አንድ ቀን ያለ እኔ ይዋል።»

ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ድንጋያማ ሜዳ አለ። ሰኞ ጠዋት ዳግማዊት ከሁሉ በፊት ደርሳ፣ ከአንድ የቤት ቀለም ቀቢ ወላጅ ባገኘችው ኖራ መሬቱ ላይ ክብ ክብ አሰመረች፤ አንዱ ከአንዱ አንድ ረጅም ሰው ተጋድሞ በሚያህል ርቀት። ጀሪካን ውሃና ሳሙና ዳር ላይ አስቀመጠች። ልጆቹ ሲመጡ ሕጉን ነገረቻቸው። ያልታጠበ ክብ ውስጥ አይገባም። ከክቡ የወጣ እንደገና ታጥቦ ይመለሳል። ሰው አጠገብ የደረሰ ማስኩን ያጠልቃል። እሷ ራሷ ከፊታቸው ርቃ፣ ቀጥ ብላ ስትቆም ብቻ ማስኳን ወደ አንገቷ ታወርዳለች።

ሕጉን ነግራ ስትጨርስ ኣርሴማ እጇን አነሣች። ጥያቄ አልነበራትም። መናገር ጀመረች፤ ስለ ቲማቲሙ፣ ስለ እናቷ ክንድ፣ ስለ አንድ የሞተ ድመት፣ በሕልሟ እጇን አጥታ እንደነበረ። ዳግማዊት ልታስቆማት ሁለቴ ሞከረችና ተወች። ሌሎቹም ከክባቸው ሳይወጡ እየተቀባበሉ ጀመሩ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በሙሉ በወሬ አለቀ። ከውጭ ለሚያየው ጸጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ለእሷ ግን ከዚያ የበለጠ ጫጫታ አይታ አታውቅም።

በበሩ ሙቀት ለመለካት ተሰልፈው የነበሩት ተማሪዎች አንገታቸውን ወደ ሜዳው ቆለመሙ። ወላጆችም ቆሙ።

እኩለ ቀን ሳይሆን የጽሕፈት ቤቱ ፒካፕ መጣ። አቶ ተወልደብርሃን ወረዱ፤ መምህር ገብረዝጊም ከግቢው ወጥተው ከኋላቸው ቆሙ። ሱፐርቫይዘሩ የኖራውን ክቦች እየዘለሉ ሊመጡ ሲሉ ዳግማዊት እጇን ዘረጋች።

«መጀመሪያ ይታጠቡ!»

ቆሙ። ወደ ጀሪካኑ አዩ። ታጠቡ፤ ያውም በሳሙና። ከዚያ ርቀው ቆመው ማስካቸውን አወረዱ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ክፍል ነው።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንንም አልጠየቅኩም። ስጠይቅ ያሉኝን ያውቁታል።»

«መምህርት፣ ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው።»

«እኩል ከሆነ በሩ ይከፈትልና!»

አቶ ተወልደብርሃን ላባቸውን ጠረጉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ሸሸና ድካም ቀረ። «ስሚኝ… እይኝ ማለቴ ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዷ ብትታመም ማን ይጠየቃል?»

«እኔ።»

«አንቺን ማንም አይጠይቅሽም! የምጠየቀው እኔ ነኝ። ገና ከመከፈቱ ስንት ስልክ እንደሚደወልልኝ ታውቂያለሽ? አንድ ትምህርት ቤት ላይ አንድ ልጅ ከተገኘ ‹ተወልደብርሃን ምን ሲሠራ ነበር› ነው የሚባለው።»

ሰውየው እውነታቸውን ነበር፤ በሽታውም ቀልድ አልነበረም፤ እሷም ሌሊቱን ስታስበው ያደረችው ይህንኑ ነው። ልጆቹ ከየክባቸው ያዩአታል። ከንፈር ባያነቡም ፊት ያነባሉ፤ ፍርሃቷን እንዳያነቡባት ጥርሷን ነከሰች።

«እንግዲያው እኔም የምጠይቀው እርስዎን ነው» አለች። «ማሂ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። ትምህርት ሲዘጋ ሰው ቤት ገባች፣ አሁን የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። ስሟን እንኳ ለሰው መናገር አትችልም፤ የሚገባው የለማ። ስለ እሷ የደወለልዎ ሰው አለ? አንድ ልጅ በኮሮና ብትታመም ስልክዎ ይጮሃል። አንዲት ልጅ ስትጠፋ ግን ዝም ነው። እኔ ዝምታን ከማንም ይልቅ አውቀዋለሁ፣ አቶ ተወልደብርሃን፤ አልታዘዝም!»

የመጨረሻውን ቃል ምን ያህል እንደጮኸችው ያወቀችው ከበሩ ላይ ያለው ሰልፍ በሙሉ ሲዞር ነው።

ሱፐርቫይዘሩ «ማስጠንቀቂያ ይደርስሻል» ብለው ማስካቸውን መለሱ። መኪናቸው ውስጥ ገብተው በሩን ከዘጉ በኋላም ፒካፑ ጥቂት ቆሞ ነበር።

ማስጠንቀቂያው እንዳሉት ደረሳት። አነበበችው። በማግስቱም ኖራዋን ይዛ ወጣች። ሐሙስ ዕለት ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ በኩል ነፋስ ተነሥቶ አቧራውን በልጆቹ ዓይን ሞላው። ወይዘሮ ለተመድህን ነጠላቸውን ዘርግተው በነፋሱ በኩል ቆሙ፤ ሌሎች እናቶችም እንዲሁ። ይህን ጊዜ የሚሰማ ልጅ ይዛ የመጣች አንዲት እናት ከሰልፉ ወጥታ ወደ በሩ ሄደች። ለዘበኛው የተናገረችውን ዳግማዊት አላየችም፤ በኋላ ነው የተነገራት። «የኔ ልጅ ወንበር ላይ፣ የእነሱ አፈር ላይ? ይህን አይቼ ልጄን አስገብቼ ስመለስ እግዚአብሔር ምን ይለኛል?» ነው ያለችው። ከኋላዋ ያሉትም ማጉረምረም ጀመሩ። ሰልፉ አልገባም አለ።

መምህር ገብረዝጊ ወጡ። ሰልፉን አዩ፣ አቧራውን አዩ፣ የተዘረጋውን ነጠላ አዩ። እኚህ ከበላይ የመጣ ቃል የሚያስደነግጣቸው ሰውዬ ወደ ትልቁ የመኪና በር ሄደው መቀርቀሪያውን በገዛ እጃቸው ሳቡ። ከዚያ ወደ ዳግማዊት ዞረው፣ ማስካቸውን አውርደው፣ ከንፈራቸውን አጥርተው ተናገሩ።

«ክፍሉ የዕቅዱ ነው። የግቢው ሜዳ ግን የእኔ ነው። ግቡ።»

«ቢቆጡዎስ?»

«ጡረታ ከማስወጣት በላይ ምን ያመጣሉ!»

ልጆቹ በየተራቸው፣ እየተራራቁ፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ሙቀታቸውን ተለክተው ገቡ። የሚሰሙት ተማሪዎች በመስኮት አዩአቸው። ዳግማዊት በባንዲራው ምሰሶ ዙሪያ አዲስ ክቦች አሰመረች።

አቶ ተወልደብርሃን በሚቀጥለው ሳምንት መጡ። በዚህ ጊዜ ሳይነገራቸው ታጠቡ። ሜዳው ዳር ቆመው ረጅም ሰዓት አዩ። አንድ ልጅ ከክቡ ወጥቶ ሲመለስ ወደ ጀሪካኑ ሲሮጥም አዩ። ከዚያ ማስካቸውን አውርደው ዳግማዊትን በእጃቸው ጠሩ።

«ነገሩን ለበላይ አቅርቤዋለሁ» አሉ። «ክፍላችሁ ይመለስላችኋል፤ ማቆያው ወደ መጋዘኑ ይዛወራል። ከሰኞ ጀምሮ መግባት ትችላላችሁ።»

ዳግማዊት ልቧ ዘለለ። ሰሌዳዋ፣ ግድግዳው ላይ የለጠፈቻቸው ሥዕሎች፣ ጥላው፣ ሁሉም ታዩአት።

«ግን» አሉ፣ «ጣሪያ ሥር ከገባችሁ ማስክ አይወልቅም። አንቺም ጭምር። በዚህ ላይ ምንም ማድረግ አልችልም።»

«ማስክ አድርጌ ማስተማር አልችልም።»

«አውቃለሁ። በእጅሽ የቻልሽውን ታደርጊያለሽ። ቢያንስ ከፀሐይ ይድናሉ። ሪፖርቱም ላይ ‹ሁሉም ክፍሎች ተከፍተዋል› ብዬ እጽፋለሁ። ለአንቺም ለእኔም ይጠቅማል።»

ዳግማዊት ወደ ልጆቹ ዞረች። አስተያየታቸውን መጠየቅ ልማዷ ነው፤ የተባለውን ነገረቻቸው። ክፍል፣ ወንበር፣ ጥላ፤ ግን ፊት የለም። ማስኳን ወደ ላይ ስባ በተሸፈነ ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር በእጇ ተናገረች። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እየጠየቅሽን ነው ወይስ እየተቆጣሽን?» አለቻት አንዷ። ኣርሴማ ግን እንኳን መልስ ልትሰጥ፣ ፊቷን አዙራ መሬት ላይ ድንጋይ መደርደር ጀመረች። መልሱ ይኸው ነበር።

«ክፍሉ ይቅርብን» አለች ዳግማዊት።

አቶ ተወልደብርሃን ያልሰሙ ይመስል አንገታቸውን አሰገጉ። እሷም ስለዚህ ጨመረችላቸው።

«ክፍሉ ይቅርብን! ማቆያውን አያንቀሳቅሱት፤ ለታመመ ልጅ ጥሩ ቦታ ነው። እኛ ፊታችንን ይዘን ሜዳ ላይ እንሆናለን። ሪፖርትዎ ላይ ሁሉም ተከፍተዋል ብለው እንዳይጽፉ። ‹አንዱ ክፍል አልገባም ብሏል› ብለው ይጻፉ፤ ስሜንም ይጻፉ።»

«ፀሐዩስ?»

«ፀሐይ ችለን ኖረናል። ሰሌዳ ግን ያስፈልገናል።»

ሰውየው ማስካቸውን መለሱ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺ ማለታቸው ይሁን ምን ዓይነት ደረቅ ሴት ናት ማለታቸው፣ ማስኩ ስለተመለሰ ማወቅ አልተቻለም። ሄዱ።

ዓርብ ጠዋት ሁለት የጉልበት ሠራተኞች አንድ አሮጌ ሰሌዳ ተሸክመው በበሩ ገቡ። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደላከው አልተናገሩም፤ መምህር ገብረዝጊም ሲጠየቁ ትከሻቸውን ሰበቁ። ከሁለቱ እግሮቹ አንዱ ተሰብሯል። ዳግማዊት የሰሌዳውን ጎን ከምሰሶው ጋር በገመድ አሰረችው። ኣርሴማ ታጥባ፣ ማስኳን አጥልቃ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጋ ከሥሩ ወተፈች። ሰሌዳው አሁንም ወደ ግራ ያዘነብላል።

ዳግማዊት ኖራ በነካው እጇ ጠመኔ አነሣች። የጻፈችው ጥያቄ ወደ ግራ ወረደ፤ ልጆቹም ለማንበብ በየክባቸው ሆነው ራሳቸውን ወደ ግራ ዘንበል አደረጉ። እሷ ዞረች፣ ማስኳን ወደ አንገቷ አወረደች፣ ቅንድቧን አነሣችና ያንኑ በእጇ ጠየቀቻቸው።